«ከተከተበ ወዲህ ነው»

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ክትባት ከሚነገሩት ሁሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ከሌሎቹ በላይ ይከብደኛል፤ «ልጄ እንዲህ የሆነው ከተከተበ ወዲህ ነው» የሚለው። ሐሰት አይደለም። እናቲቱ ያየችውን ነው የምትናገረው፤ ቀድሞ ያልነበረ ሕመም አሁን አለ፣ በመካከሉ ደግሞ መርፌ አለ። ነገር ግን «ወዲህ» የምትባለው ቃል በአማርኛችን ጊዜን ብቻ አትናገርም። «እርሷ ከመጣች ወዲህ ቤቱ ሰላም አጣ» ሲባል ማን እንደተከሰሰ ሰሚው ወዲያው ይገባዋል። ቃሏ ቀን ትቆጥራለች፤ በዚያው ጣት ትቀስራለች። «ከክትባት በኋላ» የሆነውን «በክትባት ምክንያት» ከሆነው መለየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ይህ ጽሑፍ ያ ሙያ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

በሽምብጥ አካባቢ የምትኖር ዘመዴ የዘጠኝ ወር ልጇን የኩፍኝ ክትባት አስከተበች። ሳምንቱን ሙሉ ልጁ ደኅና ሰነበተ። በዘጠነኛው ቀን ማምሻውን ሰውነቱ እንደ ምጣድ ጋለ፤ ዓይኑ ወደ ላይ ተገለበጠ፤ እጅና እግሩ ተንዘፈዘፈ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቢቆይ ነው፤ ለእናቱ ግን ሌሊት ሙሉ ነበር። አያቱ «ዓይነ ጥላ ነው» አሉ። ጎረቤት «የወባ ወቅት አይደል፣ ወባ ነው» አለ። እናቱ «ከተከተበ ወዲህ ነው» አለች። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ደሙ ታየ፤ ወባ የለበትም። ሌላ የኢንፌክሽን ምልክትም አልተገኘም። ተረኛው ባለሙያ ግን ስለ ክትባቱ ስትነግረው «እህቴ፣ ዘጠኝ ቀን ካለፈው በኋላ ክትባት ምን ያደርገዋል? ክትባት ምንም አያደርግም» ብሎ ትኩሳቱን አክሞ ሸኛት። ስለ ክትባቱ የጻፈው አንድ መስመር የለም።

እዚያ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ለእውነቱ የቀረበችው እናቲቱ ነበረች።

የኩፍኝ ክትባት የተዳከመ ነገር ግን ሕያው የሆነ ቫይረስ ነው። ወደ ሰውነት ሲገባ በመጠኑ ይራባል፤ የሰውነት መከላከያም ትግሉን የሚማረው ከዚህ ነው። መራባቱ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ትኩሳቱ የሚመጣው በማግስቱ ሳይሆን ከሰባተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ያተኩሳቸዋል፣ ጥቂቶቹም ቀላል ሽፍታ ይወጣባቸዋል። ከ3,000 ወይም ከ4,000 ልጆች አንዱን ደግሞ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠዋል። በዚህ ዕድሜ ማንኛውም ከፍተኛ ትኩሳት፣ ጉንፋንም ቢሆን፣ ማንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፤ እንዲህ ያለው አጭር ማንቀጥቀጥ ለሚያይ ሰው አስፈሪ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ በልጁ ላይ ዘላቂ ጉዳት አይተውም። ኩፍኝ በሽታው ራሱ ግን ከ1,000 ሕሙማን አንዱን ያህል የአንጎል ብግነት ያደርስበታል። «ዘጠኝ ቀን ካለፈው» የተባለው እንግዲህ ክትባቱን ነጻ የሚያወጣ ማስረጃ አልነበረም፤ ይልቁንም ወደ ክትባቱ የሚያመለክት ነበር።

እያንዳንዱ ክትባት የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው መርፌ፣ ማለትም የዘጊ አናዳ፣ የመንጋጋ ቆልፍ፣ የትክትክ፣ የጉበት በሽታና የሂብ (የማጅራት ገትርና የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ) ክትባት፣ ትኩሳቱና እብጠቱ የሚታየው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው፤ እስከ ግማሽ የሚሆኑ ሕፃናት ሊያተኩሳቸው ይችላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥም ይበርዳል። ሲወለዱ በክንድ ላይ የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ጠባሳም ይተዋል፤ ይህ ክትባቱ ሥራውን የሚሠራበት መንገድ ስለሆነ ቁስሉን ቅቤ መቀባትም ሆነ ማፍረጥ አያስፈልግም። ድንገተኛና ብርቱ አለርጂ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፤ ከአንድ ሚሊዮን መርፌ በአንዱ ያህል የሚያጋጥም ቢሆንም ሊገድል የሚችል ነው። ከተከተባችሁ በኋላ «ትንሽ ተቀመጡ» የምትባሉት ስለዚህ ነው፤ በዚያች ሩብ ሰዓት አድሬናሊን የተባለውን የአለርጂ ማርከሻ የያዘ ባለሙያ በቅርብ መኖሩ ሕይወት ነው። እናቶች ለምን እንደሚቀመጡ ቢነገራቸው ኖሮ ብዙዎቹ ሳይነሡ ይጠብቁ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የጊዜው መገጣጠም ግን ጉዳዩን ያስጀምራል እንጂ አይዘጋውም። የጣና ዳርቻ ነዋሪ ይህን ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል፤ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲያቁር ወባ በሚነሣባቸው ወራት ልጅ ቢከተብም ባይከተብም ያተኩሰዋል። መርፌ በተወጋ ማግስት የተያዘ ትኩሳት የክትባቱ ሊሆን ይችላል፤ የወባም ሊሆን ይችላል። «ክትባቱ ነው» ብሎ ደም ሳያስመረምር ቤቱ ያቆየ ወላጅ ልጁን ለአደጋ ያጋልጣል።

አንድ ስሌት ልስጣችሁ፤ እኔን በጣም ያስተማረኝ እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 48ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከእነዚህ 29ኙ በመጀመሪያው ወር። ከሁለተኛው ወር እስከ ዓመት የሚሞቱት እንግዲህ 19 ናቸው። 10,000 ሕፃናትን ብናስብ 190 ይሆናሉ፤ ያውም በ335 ቀናት ገደማ ውስጥ። እነዚሁ ሕፃናት በዚሁ ጊዜ አራት ጊዜ ለክትባት ይቀርባሉ፤ በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንትና በ9 ወር። ከየቀጠሮው በኋላ ያሉትን ሁለት ሁለት ቀናት ብቻ ብንደምር ስምንት ቀን ነው። 190ን ለ335 አካፍለን በስምንት ስናባዛ አራት ከግማሽ ይመጣል። ሞት በቀናት ላይ እኩል ስለማይከፋፈል ስሌቱ ሻካራ ነው፤ ትርጉሙ ግን አይጠፋም። መርፌው ሳይወጋ፣ እናቶች መጥተው ካርዳቸው ላይ ቀን ብቻ ተጽፎላቸው ቢመለሱ እንኳ፣ ከ10,000 ልጆች አራት ወይም አምስት የሚሆኑት «ጤና ጣቢያ ሄዶ በመጣ በሁለት ቀን ውስጥ ሞተ» የሚባልላቸው ይሆናሉ። ለእነዚያ አራት ወይም አምስት እናቶች ይህ ቁጥር ምንም አያጽናናም። ለመርማሪው ግን መነሻ ነው፤ የሚጠብቀውን ካወቀ ያየውን ከዚያ ጋር ያነጻጽራል። አምስት ይጠብቅ የነበረው አርባ ካየ ደወሉን መደወል አለበት።

ታዲያ መርማሪው ምን ምን ይመረምራል? የዓለም ጤና ድርጅት የሚታወቁትን መንስኤዎች በአምስት ይከፍላቸዋል። የመጀመሪያው ክትባቱ በትክክል ተሠርቶ፣ በትክክል ተሰጥቶም በባሕርዩ የሚያመጣው ነው፤ የዘመዴ ልጅ ማንቀጥቀጥ እዚህ ይመደባል። ሁለተኛው የፋብሪካ ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 አሜሪካ ውስጥ ከተር በተባለው ላቦራቶሪ የተመረተው የፖሊዮ ክትባት ቫይረሱ በሚገባ ሳይገደል ወጥቶ 200 ያህል ሰዎች ሽባ ሆኑ፣ 10 ሞቱ። ዛሬ እያንዳንዱ የምርት ክፍል ሳይመረመር እንዳይወጣ የሚያደርገው ጥብቅ ቁጥጥር የተጠናከረው ከዚህ ዓይነቱ ሐዘን ነው። ሦስተኛው የሰው ስሕተት ነው፤ አራተኛው የመከተብ ፍርሃትና ጭንቀት፤ አምስተኛው ከክትባቱ ጋር ምንም ሳይገናኝ በአጋጣሚ አብሮ የዋለ ሌላ በሽታ።

በሦስተኛው ላይ ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ልንከላከለው የምንችለው ይህ ስለሆነና ሲደርስም እጅግ ስለሚከፋ። የኩፍኝ ክትባት በዱቄት መልክ ይመጣል፤ ከመሰጠቱ በፊት ከራሱ አምራች በመጣ መበጥበጫ ውኃ ይሟሟል። ከተሟሟ በኋላ በቅዝቃዜ ተይዞ ከስድስት ሰዓት በላይ ማደር የለበትም፤ ብልቃጡ ውስጥ የአምስት ልጅ ድርሻ ቢቀር እንኳ ይጣላል። ባክቴሪያ ከገባበት የሚያግደው ነገር የለምና። በጎረቤታችን በደቡብ ሱዳን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በካፖኤታ አካባቢ፣ በአንድ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ክትባቱ ያለ ማቀዝቀዣ ሰነበተ፤ ለመበጥበጫ የሚያገለግለው አንድ መርፌም ሳይቀየር አራት ቀን ሙሉ ተሠራበት። 15 ሕፃናት ሞቱ። ክትባቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ጤናማ ነበር። ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ደቅ ደሴት ወይም ወደ ዘጌ የበረዶ ሣጥን ይዛ የምትሻገር የጤና ባለሙያ ሰዓቷን የምታየው፣ «ይህማ ብክነት ነው» ሲሏትም የተረፈውን የምትጥለው ስለዚህ ነው። ልናመሰግናት ይገባል።

ሌላው ምሳሌ ከሩቅ ደሴት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 በሳሞአ ሁለት ሕፃናት ከኩፍኝ ክትባት በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ሞቱ። አገሩ ደነገጠ፤ መንግሥት ክትባቱን ለወራት አቆመ። በኋላ ሲጣራ ዱቄቱ የተበጠበጠው በውኃ ሳይሆን ጊዜው ባለፈበት የጡንቻ ማፍዘዣ መድኃኒት መሆኑ ተደረሰበት፤ የሰጡት ነርሶችም ተፈረደባቸው። እውነቱ ሲታወቅ ግን ወላጆች ከክትባት ርቀው ነበር። በ2019 ኩፍኝ ገባ። 200,000 ያህል ሕዝብ ባለበት አገር ከ5,700 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ 83 ሞቱ፣ አብዛኞቹም ከአምስት ዓመት በታች። ሁለቱን ሕፃናት የገደለው ስሕተት ነበር። ሰማንያ ሦስቱን የገደለው ኩፍኝ ነው፤ መንገዱን የከፈተለት ግን በሁለቱ ሞትና በምርመራው ውጤት መካከል የነበረው ባዶ ጊዜ፣ ፍርሃት የሞላው ጊዜ ነው። ከባድ ችግር ሲደርስ ምርመራው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እንዲጀመር የሚመከረው ለዚህ ነው።

ጭንቀትን በተመለከተ ባጭሩ ልናገር። በኢትዮጵያ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀመረ፤ በብዛት የሚሰጠውም በትምህርት ቤት ነው። አንዷ ተማሪ መርፌውን አይታ ስትወድቅ ሰልፍ ላይ ያሉት ያዩዋታል፤ ሁለተኛዋ ይዞራታል፣ ሦስተኛዋ እጇ ይደነዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 በኮሎምቢያ ካርመን ደ ቦሊቫር በምትባል ከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጃገረዶች እንዲህ ሆነዋል። ልጃገረዶቹ አላስመሰሉም፤ የተሰማቸው ሕመም እውነተኛ ነው፣ ምንጩ ግን ብልቃጡ ውስጥ አልነበረም። ተቀምጠው መከተብ፣ ከሌሎቹ ዓይን ገለል ማለት፣ አስቀድሞ በሚገባ ማስረዳት አብዛኛውን ይከላከላል። መካን ያደርጋል ስለሚባለው ደግሞ፣ ክትባቱ የቫይረሱን የውጭ ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን እንጂ ሊራባ የሚችል ቫይረስ የለበትም፤ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮኖች ተሰጥቶም መካንነት እንደሚያስከትል አልታየም።

ወደ ምርመራው እንመለስ። ጥሩ መርማሪ መጀመሪያ የሚያየው ታማሚውን ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያሉትን ያያል። ከዚያው ብልቃጥ የተከተቡት ሌሎች ልጆች እንዴት ናቸው? ብዙዎቹ አንድ ጣቢያ ላይ፣ በአንድ ቀን ከታመሙ ጥርጣሬው ወደ አሰጣጡ ያዘነብላል። ተመሳሳይ የምርት ቁጥር ያለው ክትባት በጎንደርም በደብረ ታቦርም ያው ችግር ካመጣ ጥርጣሬው ወደ ፋብሪካው ወይም ወደ አጓጓዙ ይሄዳል። በሰፈሩ ያልተከተቡ ልጆችም በዚያው ሳምንት እንደዚያው ከታመሙ ክትባቱ ሳይሆን ሌላ ነገር እየተዛመተ ነው። ስለዚህ ባዶ ብልቃጥ መጣል የለበትም፤ የምርት ቁጥሩ በመዝገብ ካልተጻፈ ከእነዚህ ጥያቄዎች ግማሹ መልስ አያገኝም።

ከዚያ የባለሙያዎች ኮሚቴ በቅደም ተከተል ይጠይቃል። በመጀመሪያ፣ ሕመሙን የሚያስረዳ ሌላ ጠንካራ ምክንያት አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ይህ ክትባት ይህን ሕመም እንደሚያመጣ ይታወቃል ወይ፣ የታየውስ በሚጠበቀው ጊዜ ውስጥ ነው ወይ? ሦስተኛ፣ እንደማያመጣ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አለ ወይ? ቀጥሎ ልጁ በቀደመው መርፌ ተመሳሳይ ነገር ደርሶበት እንደሆነ፣ ሕመሙ ሳይከተቡም ምን ያህል እንደሚያጋጥም ይታያል። መደምደሚያው ከክትባቱ ጋር ይስማማል፣ አይስማማም፣ ወይም አሁን መወሰን አይቻልም ይሆናል። መረጃ ከጎደለ ደግሞ ጉዳዩ ሳይመደብ ይቆያል። «መወሰን አይቻልም» የሚለው መልስ ሰውን ያበሳጫል፤ ማድበስበስም ይመስላል። እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ የማከብረው እርሱን ነው፤ አንድ ልጅ ብቻውን የማይመልሰውን ጥያቄ ብዙ ልጆች አንድ ላይ ይመልሱታል።

ማስረጃው አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1998 አሜሪካ ሮታ የተባለው ቫይረስ የሚያመጣውን የሕፃናት ተቅማጥ የሚከላከል፣ ሮታሺልድ የተባለ ክትባት ፈቀደች። ዓመት ሳይሞላው 15 ሪፖርቶች መጡ፤ ሕፃናቱ ከክትባቱ በኋላ አንጀታቸው ወደ ራሱ ውስጥ ገብቶ ተዘግቶባቸው ነበር። ይህ ሕመም ሳይከተቡም የሚያጋጥም ስለሆነ ስለ አንዱም ልጅ ብቻውን «ክትባቱ ነው» ማለት አይቻልም ነበር። አሥራ አምስቱ ወረቀቶች ግን ተደምረው ክትባቱን በሐምሌ 1999 አስቆሙት፤ አደጋው ከ10,000 ሕፃናት በአንዱ ያህል እንደሆነ ተገመተ፣ ክትባቱም ከገበያ ወጣ። ቀጥለው የመጡት ሁለት የሮታ ክትባቶች እያንዳንዳቸው ከ60,000 በላይ ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት ተፈትነው ነው የተፈቀዱት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 መስጠት የጀመረችው የሮታ ጠብታ ከእነዚህ ወገን ነው። ይህም ቢሆን ከ100,000 ሕፃናት በጥቂቶቹ ያንኑ የአንጀት መዘጋት ሊያመጣ እንደሚችል ይታወቃል። ጠብታውን በወሰደ ሕፃን ላይ፣ በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት፣ እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ በየመካከሉ የሚመጣ ብርቱ ለቅሶ፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ ወይም ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። ይህን መናገር ሰዎችን ከክትባት ያርቃል የሚሉ አሉ። አልስማማም። ወላጅን የሚያርቀው እንዳልተነገረው በኋላ ማወቁ ነው።

አሥራ አምስቱ ወረቀቶች እያንዳንዳቸው የአንዲት እናት «ወዲህ» ነበሩ። አንድ ሰው ሰምቶ ጻፋቸው። ዘመዴን ያሰናበታት ባለሙያ ልጁን በደንብ አክሟል፤ ያላደረገው ይህን መጻፍ ነው። ሪፖርት ማድረግ ክትባቱን መክሰስ አይደለም፤ ሪፖርት አድራጊው መንስኤውን እንዲያረጋግጥም አይጠየቅም። በአገራችን የጤና ባለሙያ ሪፖርቱን ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይልካል፤ ወላጅም ራሱ በነጻ የስልክ መስመር 8482 ደውሎ ሊያሳውቅ ይችላል። ሲደውሉ የክትባት ካርዱን በእጅ መያዝ፣ የተከተበበትን ቀን፣ ምልክቱ የጀመረበትን ቀንና ሰዓት፣ ልጁ የወሰደውን ሌላ መድኃኒት፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ሳይደብቁ መናገር ነው። «ከተከተበ ወዲህ» ከማለት «ከተከተበ በዘጠነኛው ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ» ማለት ለመርማሪው እጅግ ይበልጥበታል።

የዘመዴን ጉዳይ ከጊዜ በኋላ አንዲት ነርስ ሰማች። ካርዱን ተቀብላ ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች፣ ቅጹን ሞላች፣ በካርዱ ጀርባም የሆነውን ጻፈች። ልጁ 15 ወር ሲሞላው ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ቀጠሮ ደረሰ። ዘመዴ ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ፣ ልጁን አዝላ ሄደች።

«ሲስተር፣ ያን ጊዜ አንቀጥቅጦት ነበር። ይከተብ?»

ነርሷ የካርዱን ጀርባ አነበበች። በትኩሳት የመጣ ማንቀጥቀጥ ለሁለተኛው መርፌ እንደማይከለክል፣ የሚከለክለው ብርቱ አለርጂ ቢሆን ኖሮ እንደነበር ነገረቻት። በሁለተኛው ጊዜ ሰውነቱ ቫይረሱን ስለሚያውቀው ትኩሳት ብዙ ጊዜ እንደሚቀንስ፣ ማስታገሻውም አስቀድሞ ሳይሆን ካተኮሰው ብቻ በክብደቱ ልክ እንደሚሰጥ አስረዳቻት።

«ታዲያ የትኛውን ቀን ልጠብቅ?»

«ከሰባተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው፣ እናቴ» አለችና ቀኖቹን በካርዱ ላይ ጻፈችላት።